የሸበረር ጀፎረ ጂፒኤስ ውስጥ የገባ ጊዜ

ሸበረር፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ ወልደሰንበት
ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም

የሸበረር ማርያም ባሕር ተሻግራ ትጠብቅሽ። የልጆችሽን ዕድሜ ታርዝምልሽ፣ ከቤትሽ በረከት አታጉድልብሽ። እኔ የአባትሽ የአጎት ልጅ ሀብተጊዮርጊስ ነርጋ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበትም በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሉ ቢጣመም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርኩት ነው፤ እሱም ለንባብ እንጂ ለደብዳቤ አልነበረም። ለሰው ነግሬ አላስጽፍም። የቤቴን ነገር ጸሐፊ ለምን ይሰማል። ስልክ ልደውል እንዳትይኝም፤ በስልክ የተባለ ነገር ነገ አልተባለም ይሆናል። አረቅጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አሚኑ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። ያንቺንም አትሞ ያስቀምጥልኛል፣ ለገበያ ስወርድ እወስዳለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ለመስቀል ልጆችሽ ሆሳዕና እና ምንተስኖት ይመጣሉ ብለሽ ነበር። እኔ ቤቱን አስመረግሁ። ባለቤቴ ወለተ ሐና ከሞተች ወዲህ ተጠቅልሎ የቆመውን ጂባ አውርጄ አነጠፍኩ። በሬውን ከጎረቤቶቼ ከነዘመድኩን ጋር ገዛን፣ የልጆችሽንም ድርሻ አሰብኩ። በደጃችን የተዘረጋው የጀፎረው ሣር አፍ ላይ ወርጄ ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጡም። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሜ አይቶኛል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አሚኑ ቤት ካርቶን ተቀምጦልኝ አገኘሁ። ልብስ አለበት፣ መነጽር አለበት፣ ደግሞ እንደ ትንሽ ቴሌቪዥን ያለ ጥቁር ዕቃ አለበት። «ልጆቹ እዚህ ድረስ ደርሰው ነበር» አለኝ። «ሹፌሩ ጂፒኤሱ ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም ይላል ብሎ መለሳቸው። ጭጋግ ነበር፣ መሽቶባቸውም ነበር።»

«አንተ አፍ አልነበረህም?» አልኩት።

«ነግሬዋለሁ ጋሼ። እኔን አላመነም፣ ማሽኑን ነው ያመነው።»

እኔ ዘመኔን ሁሉ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። ያላወቅሁትን አገር ሰው ጠይቄ ነው የገባሁት። እንግዳ ጭኜ ከሰው ደጅ የተመለስኩበት ቀን የለም። አልተቀየምኩም። ግን ይህ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ንገሪኝ።

አባትሽ የሆንኩ፣
ሀብተጊዮርጊስ ነርጋ


ሮተርዳም፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልኝ፤ በቤትዎ በከብትዎ ሰላም ያስገባ። የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ አባቴ የጻፈልኝ መሰለኝና ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ስላሳፈርንዎ ይቅር ይበሉን። ሆሳዕና እስካሁን ስታነሳው ታለቅሳለች። ሹፌሩ አዲስ አበባ ከመኪናው ጋር የተከራዩት ልጅ ነው፤ አገሩን አያውቀውም። ጂፒኤሱን ለጉዞው የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። እንዳይጠፉ ብዬ ነበር። ማሽኑ አረቅጥን ካለፉ በኋላ ባዶ ሆነባቸው። ልጆቹ አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ ጉራጊኛውን ጭራሽ አላስተማርኳቸውም፣ ማንን ይጠይቁ። ምንተስኖት «አጎቴ ሹፌር ነበር አላልሽም፣ ማሽኑ ለእሱ ይሁን» ብሎ ከልብሱ ጋር ተወው።

እኔም እንደ እርስዎ ነጂ ሆኛለሁ። እዚህ ከተማ ትራም እነዳለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የአባቴ ቤት የነበረበትን ቦታ አሚኑ ፎቶ አንስቶ ቢልክልኝ ደስ ይለኛል። ምንም ባይኖርበትም።

አክባሪ ልጅዎ፣
ፍቅርአዲስ


ሸበረር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ፣

ማርያም አትለይሽ። የአባትሽን ቦታ ፎቶ ልኬልሻለሁ። እንሰቱ የኔ ነው፣ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ተከልኩበት። ስትመጪ እነቅልልሻለሁ።

ትራም እነዳለሁ ያልሽውን ዘመድኩንን አማከርኩት። በሐዲድ የሚሄድ ነገር መሪ የለውም፤ መሪ ከሌለው መንዳት ነው ወይ ብለን ተከራከርን። እሱ ነው አለ። እኔ ገና አላመንኩም።

ማሽኑን አሚኑ ቻርጅ አደረገልኝ። ወልቂጤ ስወርድ የሚኒባሱ ሹፌር አጠገብ ተቀምጬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ውስጡ ያለችው ሴትዮ በሆላንድ ቋንቋ ትናገራለች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ «አባባ፣ ሚስት አገቡ እንዴ፤ ስታዝዝዎት አታርፍም» አለኝ። ዝም በል ብዬ መንገዴን አየሁ። እውነት ለመናገር ታውቃለች። እምድብር ልንገባ ስንል አወቀች። ወልቂጤ ላይ መናኸሪያውን አወቀች፣ ነዳጅ ማደያውን አወቀች። ሌላ ቀን ወደ ቡታጅራ ይዤያት ሄድኩ፤ ቡታጅራንማ መስጊዱን፣ አደባባዩን፣ የዘጋውን ሆቴል ሳይቀር ታውቃለች።

ሸበረር ስመለስ ግን ባዶ አረንጓዴ ነው። ቤት የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ጀፎረ የለ። እኔ ቆሜበት ያለሁት መሬት ላይ ቀስቷ በዱር መሃል እንደ ጠፋ በግ ትዞራለች። የአያቶቻችን አያቶች የሰፈሩበት ነው። ሰው እንዳልተወለደበት ተደርጎ ሲታይ ደሜ ፈላ። የዘጋ ሆቴል ያወቀ ሸበረርን እንዴት አያውቅም።

ይህን ካርታ የሚጽፈው ማነው? ቢሮው የት ነው? ሸበረር ይግባልን። ልጆችሽ ለመስቀል ማንንም ሳይለምኑ እደጄ ድረስ ይምጡ። እኔ ከእንግዲህ ስንት መስቀል እንደምደርስ አላውቅም። ያንን ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አልጠየቅሁሽም።

ሀብተጊዮርጊስ


ሮተርዳም፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? ፎቶውን አልጋዬ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። እንሰቱን አይንቀሉት።

ምንተስኖትን ጠየቅሁት። ቢሮ የለውም አለኝ። ይህን ካርታ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው ከሰማይ የተነሳ ፎቶ እያዩ በነጻ ይሥሉታል፤ ማንም ሰው መሣል ይችላል፣ ከዚያ ማሽኖቹ ውስጥ ይጫናል። ማታ አብረን ኮምፒዩተሩ ላይ ሸበረርን ፈለግነው። በቤቶቹ መሃል ሰፊ፣ ቀጥ ያለ አረንጓዴ ነገር አየንና «ይህ ምንድነው?» አለኝ። ጀፎረ ነው አልኩት። ከሰማይ ሲታይ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሲሣል ግን ዓይነቱን ይጠይቃል። የመኪና መንገድ ነው፣ የእግር መንገድ ነው፣ የግጦሽ መሬት ነው እያለ። አባቴ ጀፎረ ላይ ጋሪ እንኳ አይገባም ሲል የሰማሁ መሰለኝ። ምን ብለን እንጻፈው?

ልጅዎ፣
ፍቅርአዲስ


ሸበረር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ፣

በሰላም ዋይ። ልጁ ሸበረርን ከሰማይ በማየቱ ኮርቻለሁ።

ለመኪና ብለሽ አስገቢው። ሕጉን አንቺ አትነግሪኝም፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ጀፎረ ሣሩ አይታረስም፣ አይታጠርም። ሙሽራ ይገባበታል፣ ሬሳ ይወጣበታል፣ ሽማግሌ ከዝግባው ሥር ይቀመጥበታል። መኪና አይገባበትም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የእግር መንገድ ካልሽው ያ ሹፌር አረቅጥ ላይ ደግሞ ይመልሳቸዋል። በእግር የሚኬድበት አገር ብለሽም አታሳንሺን። ለመስቀል አንድ ቀን የልጆችሽ መኪና ሣሩን ቢረግጥ እኔ ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ። እኔን እምቢ የሚለኝ የለም።

በእድር ላይ ተነስቼ ሸበረር ካርታ ላይ ሊወጣ ነው ብዬ ተናገርኩ። አጨበጨቡ። ዘመድኩን ብቻ «ስንወጣ ግብሩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብሎ ሰው አሳቀ። እሱ እንደዚህ ነው።

ሀብተጊዮርጊስ


ሮተርዳም፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረስዎ። ገባ። ምንተስኖት ሥሎ ጨረሰው። ስሙን በአማርኛም በላቲንም ጽፎታል። የእርስዎን ቤት ደግሞ ለልጆቹ ዳግም በገዛሁት ማሽን ላይ ብቻ በነጥብ ምልክት አድርጎታል። ለመስቀል ነጥቡን ተከትለው ይመጣሉ።

የዘገየሁት ሐኪም ቤት ስመላለስ ነው። ምርመራ ነው፣ አይጨነቁ።

ጋሼ፣ አባቴ የተቀበረበት የማርያም ግቢ እንዴት ነው? አጥሩ ደህና ነው? በአጠገቡ ቦታ አለ ወይስ ሞልቷል? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው የጠየቅሁት።

ልጅዎ፣
ፍቅርአዲስ


ሸበረር፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ያህል ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ከባድ መኪና በጀፎረው ያልፋል። ከቡታጅራ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጭነው ጉንችሬ በኩል የሚያራግፉ ናቸው። ሹፌሮቹ የዚህ አገር ሰዎች አይደሉም። መስታወታቸው ላይ እንደ እኔው ያለ ማሽን አለ። ዋናው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ማሽኑ ግን በሸበረር ታቋርጣላችሁ ይላቸዋል። የመጀመሪያው ሲመጣ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከደጄ ወጥቼ እጄን አነሳሁለት።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ዝናቡ ሲገባ ሣሩ ተገለበጠ። ጎማው የሄደበት ቦይ ሆነ፣ ቦዩ ውሃ ያዘ። አንዱ ሲንሸራተት ጭነቱ ተደፍቶ ዝግባውን ከነሥሩ ጣለው። ሽማግሌ የሚቀመጥበትን። የዘመድኩን እናት በሰኔ አረፉ፤ ሬሳውን ስናወጣ ለቅሶ የሚዞረው ሕዝብ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገባ። ፈረስ እየጋለበ የሚፎክረው ልጅ ከነፈረሱ ወደቀ። ፈረሱ አልተነሳም። በለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ሰው ከማልቀስ አቋርጦ ወደ እኔ አየ።

አንዱን መኪና ፊቱ ቆሜ አስቆምኩት።

«አባባ፣ መንገዱን ይልቀቁልኝ» አለ።

«መንገድ አይደለም። ጀፎረ ነው።»

«ማሽኑ ላይ መንገድ ነው የሚለው። የመኪና።»

«አገሬው አይደለም እያለህ?»

«አባባ፣ ማሽኑን የነገረው አገሬው አይደል እንዴ? እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

 ዞር አልኩለት። አለፈ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠሩኝ። ዝግባው ስለሌለ ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጥነው። ዘመድኩን «ሸበረር ካርታ ላይ ወጣ ያልከን አንተ ነህ» አለኝ። «አጨብጭበንልሃል። አሁን አውርደን።»

አውርጂን ልጄ። ቶሎ። ሌላ ነገር አሁን አልጽፍም።

ሀብተጊዮርጊስ


ሮተርዳም፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

አምላክ ያጽናዎት። ለዘመድኩን እናት ነፍስ ይማርልኝ፤ ልጅ ሳለሁ ቆጮ እየጋገሩ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው።

ምንተስኖት በዚያው ቀን አጠፋው። ነገር ግን መጥፎውን ልንገርዎ። ካርታው ላይ ቢጠፋም በየመኪናው ያሉት ማሽኖች አይሰሙም። የተጫነባቸውን ይዘው ይቀራሉ። ሰው አዲስ እስኪጭንባቸው ድረስ የሸበረር ጀፎረ እነሱ ውስጥ የመኪና መንገድ ነው። ልጄ ሲነግረኝ ፊቱን አዞረ። እኛ ነን የሠራነው፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ያንን ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። የማርያም ግቢን።

ልጅዎ፣
ፍቅርአዲስ


ሸበረር፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅርአዲስ፣

ሰላም ነኝ አልልሽም።

ያልሽውን ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ጠፍቷል፣ ግን አልጠፋም አልኳቸው። «ይህ የሰው ንግግር ነው?» አሉኝ። ፈረዱብኝ። ለመስቀል ከማንም ጋር በሬ አልካፈልም። ቅርጫ ውስጥ የለሁም። እሳት ለመጫር እንኳ ደጄን የሚረግጥ የለም፣ ያስገባሁትን እኔው እስክመልስ ድረስ። ይግባኝ አላልኩም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እፈርድ ነበር።

አሁን ከማለዳ ጀምሮ ጀፎረው አፍ ላይ በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። ዱላ አለኝ። መኪና ሲመጣ ተነስቼ መሃል እቆማለሁ። ይሰድቡኛል። አንዱ ጥሩንባውን ሲነፋብኝ ዋለ፤ ጥሩንባ ነፍቼ የኖርኩ ሰው መሆኔን አያውቅም። በዝናቡ ልብሴ አይደርቅም። ወለተ ሐና ብትኖር ታስገባኝ ነበር። አሁን የሚያስገባኝ የለም።

ልጆችሽ ከመጡ መኪናቸውን አረቅጥ ላይ ያቁሙ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በእግራቸው ይምጡ። በጀፎረው እንዳይሞክሩ። ለአሚኑ ደውለሽ ንገሪው፣ ልጅ ልኮ ያስነግረኝና እኔ ወርጄ እቀበላቸዋለሁ።

ቦታ ያልሽውን ሌላ ጊዜ። ሰው በሕይወት ያለበት መሬት እየታረሰ ስለ ሙታን ግቢ ትጠይቂኛለሽ። ከዚህ ስለማልነሳ ገበያ አልወርድም። ደብዳቤ ብትልኪም አሚኑ ዘንድ ይቀመጣል። ይህ ነገር ሲያልቅ እጽፋለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ


ሮተርዳም፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ፣

አዲሱ ዓመት ከዚህ ጭንቅ ያውጣዎት። ለበዓል ገበያ መውረድዎ አይቀርም ብዬ ነው የምጽፈው።

የሰሙኝ ስላልመሰለኝ በግልጽ ልጻፍ። ታምሜያለሁ። ሐኪሞቹ ማከሙን አቁመዋል። ቀጣዩን መስቀል አልደርስም፣ ይህን ከደረስኩም በአልጋ ነው። መቀበር የምፈልገው አባቴ አጠገብ ነው። ሬሳ ከዚህ ማምጣት ብዙ ወረቀት ያስፈልገዋልና ቦታው መኖሩን፣ የሚቀበለኝ ሰው መኖሩን ሳላውቅ ልጆቼን አላስጀምራቸውም። እርስዎን ነው የምጠይቀው፤ ከአባቴ ወገን የቀረኝ እርስዎ ነዎት።

ሆሳዕና እና ምንተስኖት ራሳቸው ይመጣሉ፣ በእርዱ ቀን። እርስዎን ያያሉ፣ ቦታውን ያያሉ፣ መልሱን ይዘው ይመለሳሉ። መኪናቸው ነጭ ነው፣ በቡታጅራ በኩል ነው የሚመጡት። አረቅጥ ላይ አቁሙ ብያቸዋለሁ። በስልክ ለአሚኑ አልነገርኩም፤ የእኔ ሕመም አረቅጥ ገበያ ላይ እንዲወራ አልፈልግም። አሚኑ ሳያነብ አትሞ አጥፎ እንዲያስቀምጠው ጽፌለታለሁ፤ ይህን ወረቀት እርስዎ ብቻ ያንብቡት።

ልጅዎ፣
ፍቅርአዲስ


ሸበረር፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ፣

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰሽ፣ ከነልጆችሽ። ዛሬ ቀለሙ እንኳ በደንብ ይወርድልኛል። አሚኑ ዘንድ ገና አልወረድኩም፤ የዘመድኩን ልጅ ነገ ይህን ሊያደርስልኝ ነው፣ ያንቺም ካለ ይዞልኝ ይመጣል። ልጆችሽ ዘንድሮም አልመጡም። እንዳይመጡ አድርጌ የጻፍኩ እኔ ነኝ፣ አልተቀየምኩም።

ነገሩ አለቀ ልልሽ ነው። በእርዱ ቀን ሰው ሁሉ ለበሬው ወጥቶ ጀፎረው ላይ ቆሟል። እኔ እንደ ወትሮዬ ታች አፉ ላይ ነኝ። ጭጋግ ነበር። አንድ ነጭ መኪና ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ እኛ ታጠፈ። የቤት መኪና ነው፣ ከዚያ ከባዱ አይደለም። መሃል ቆምኩ።

ሹፌሩ ወጣት ነው። ራሱን አውጥቶ «አባባ፣ እንግዶች ናቸው፣ ይለፉ» አለኝ።

«እዚህ እንግዳ በእግሩ ነው የሚገባው።»

«ሰው ሊጠይቁ ነው።»

«ማንን?»

ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብሎ አየ። «ስም አልተሰጠኝም» አለኝ። «ነጥብ ነው የተሰጠኝ። ይኸው፣ እዚያ ላይ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

«ነጥብ የሚባል ሰው ሸበረር ውስጥ የለም» አልኩት።

ከላይ የቆሙት ሰምተው ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሰማሁ ቆይቷል። ከኋላ አንዲት ልጅ ስልክ ይዛ በፈረንጅ አፍ ታወራለች፣ ወንዱ አጠገቧ አለ፣ መስታወቱ ላብ ስለያዘው መልካቸው አይታይም። ሹፌሩ ሊወርድ ሲል ዱላዬን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ልጅቷ አንድ ነገር ነገረችው። ዞሩ። ሣሩን ሳይረግጡ ነው የዞሩት።

ዘመድኩን ከላይ ጠራኝ። «ና ሀብቴ፣ ቢላዋ ያዝ» አለኝ። ሁሉ እያየ። የቤት መኪና እንኳ መለስክ፣ የራሴ ወገን፣ የሌላ ወገን አላልክም አሉኝ። ድርሻዬን ሰጡኝ። ማታ እኔ ቤት መጥተው መረቁ፣ ጂባው ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ሰው ያልገባበት ቤት ሞላ። ልነግርሽ ፈልጌ ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ፤ ስለ ማርያም ግቢ። በሚቀጥለው ወርጄ አይቼ እጽፍልሻለሁ።

አባትሽ፣
ሀብተጊዮርጊስ ነርጋ


ሮተርዳም፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ነጩ መኪና የእኔ ልጆች ነበሩ።

ሆሳዕና በስልክ የምታወራው ከእኔ ጋር ነበር። «እማዬ፣ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዞ ቆሟል፣ አያሳልፈንም» አለችኝ። ሽማግሌ እንዳትጋፉ፣ ተመለሱ ያልኳት እኔ ነኝ። አረቅጥ ላይ እንዲያቆሙ ነግሬያቸው ነበር፤ ማሽኑ መንገዱን ስላሳየው ሹፌሩ ሳይቆም አለፈ። ማሽኑ ጥር ላይ እንደተጫነ ነው፣ ጀፎረው አለበት። ምንተስኖት አዲሱን መጫን ረስቷል። እናቱ በምትሞትበት ወር ቢረሳ አልፈርድበትም።

እርስዎን ቤትዎ ያገኙዎታል ብዬ ነበር። ጀፎረው አፍ ላይ ያለው እርስዎ ነዎት ብዬ አላሰብኩም፤ በዚያ ቀንማ ሰው ሁሉ በዓል ላይ ነው ብዬ ነው።

በረራቸው በማግሥቱ ስለነበር መልስ ሳይዙ ሲመለሱ አማራጭ አልነበረኝም። መቀበሪያዬ እዚሁ ይሁን ብዬ ፈረምኩ። ቦታው ከትራሙ መስመር አጠገብ ነው፣ አውቀዋለሁ። በእርስዎ ላይ ቂም የለኝም። ሰዎቹ ቤትዎ በመግባታቸው ደስ ብሎኛል።

ፍቅርአዲስ


ሸበረር፣ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅርአዲስ፣

ሁለቱም ወረቀቶችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የጳጉሜኑን ቀድሜ አነበብኩ። ስለዚህ ሁለተኛውን ሳልከፍተው አውቄዋለሁ።

ሥጋውን በልቼዋለሁ። መመለስ ብፈልግ የምመልሰው የለም።

ለዘመድኩን ነገርኩት።  «እኛም ስቀናል» አለ። ከዚያ ዶማ ይዞ ተነሳና አብረን ማርያም ሄድን። ቦታ አለ። ከአባትሽ በስተቀኝ ነው፣ አጥሩ ደህና ነው፣ ሣሩን አጨድነው። ወለተ ሐና ከእግርጌ ናት። ቦታውን ለራሴ ነበር ያሰብኩት፤ እኔ ሌላ ጋ እሆናለሁ። ቄሱን አነጋገርኩ። ሽማግሌዎቹን አነጋገርኩ። እኔ ነኝ የምቀበልሽ።

የፈረምሽውን ሰርዢ። ፊርማ ይሰረዛል፣ እኔ አይቻለሁ። ሬሳ በጀፎረ ማለፍ ሕጋችን ነው፤ መኪናውም ቢሆን ያንቺን ጭኖ ይግባ ብለዋል፣ ዘመድኩን ነው መጀመሪያ ያለው። ቦዩን በድንጋይ እየሞላነው ነው። ለመኪናው እንዲመች።

ልጆችሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ልጅቷ አንቺን ትመስል እንደሆነ አላየሁም። ብትወርድ አውቃት ነበር እላለሁ። ላውቃትም አልችል ይሆናል።

ቶሎ መልሽልኝ። በስልክም ቢሆን ደውይ። አሚኑ ዘንድ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ሀብተጊዮርጊስ


አረቅጥ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሆሳዕና፣

እናትሽ ዘንድ የላክሁት አልተከፈተም። አሚኑ በየገበያው ቀን ያሳየኛል፣ አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ሁለት ሲሆን ተነቧል ማለት ነው ይለኛል። ደወልን፣ አያነሳም። ስለዚህ ይህን ወደ አንቺ አስልኬዋለሁ፣ ቁጥርሽን ካርቶኑ ላይ ጽፋችሁት ነበር። አማርኛ ካላነበብሽ የሚያነብልሽ ሰው አታጪም።

ለእናትሽ የለቅሶ ድንኳን መትከል እንዳለብኝ ወይም እንደሌለብኝ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። ዘመድኩን እንትከል ይላል። እኔ ሳይነግሩኝ አልተክልም እላለሁ።

የማርያሙ ቦታ ክፍት ነው። አላስያዝኩትም። ከተቀበረችበትም አውጥቶ ማምጣት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አንድ ዘመድ ቢጠይቅ። ጠይቂ።

ባትችዪም ራሳችሁ ኑ። ማሽኑ አዲሱ ሲጫንበት አረቅጥ ላይ ያልቃል፣ ምንተስኖት አጥፍቶታል። ከዚያ ወዲያ ነጥብ አትከተሉ። መኪናውን አቁሙና ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ።

ስሜ ሀብተጊዮርጊስ ነርጋ ነው።